በ1 ፓውንድ የተሸጠችው መርከብ፦ የዌቨርሊ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይጻፋል

ዌቨርሊ የባቡር ኩባንያ ያሠራት የእንፋሎት መርከብ ናት። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎው ላይ ተሠርታ ሥራ የጀመረችው በ1947 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምትሄደው በግራና በቀኝ ጎኗ በተገጠሙ ሁለት ትልልቅ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች ነው። በ1973 ባለቤቶቿ አታዋጣም ብለው አቆሟት፤ በ1974 በ1 ፓውንድ ሸጧት። የገዛት የመርከብ ኩባንያ ሳይሆን የእንፋሎት መርከብ ወዳጆች ማኅበር ነው። ዛሬም ተሳፋሪ ጭና ባሕር ላይ ትወጣለች። በዓለም ላይ ይህን የምታደርግ የመጨረሻዋ ባለ መቅዘፊያ መርከብ እሷ ናት።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ 1 ፓውንዷ ላይ ይቆማል። ደስ የምትል ታሪክ ናት፣ እውነት ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ሃምሳ ዓመት ነው። ማሽን እንደ ሐውልት ቆሞ አይጠበቅም። ከቆመ ይዝጋል፤ ይሥራ ከተባለ ደግሞ ነዳጅ፣ ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና መለዋወጫ ይጠይቃል። ይህ ማኅበር ከሁለቱ ከባዱን መንገድ መረጠ። የት እንደተሳካለት፣ የት እንዳልተሳካለት በዝርዝር ማስቀመጥ ይገባል፤ አሮጌ ባቡር፣ አሮጌ ወፍጮ ወይም አሮጌ ማተሚያ ማሽን እናድን ብሎ የሚነሳ ሁሉ የሚገጥመው ጣጣ ይኸው ነውና።

የባቡር ኩባንያ መርከብ ምን ያደርግለታል?

መልሱ ያለው አገሩ አቀማመጥ ላይ ነው። ክላይድ የሚባለው ወንዝ ከግላስጎው ወደ ምዕራብ ይወርድና እየሰፋ ከባሕር ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የተቆራረጠ ምድር ነው። ረጃጅም የባሕር ክንዶች በተራሮች መካከል ዘልቀው ይገባሉ፣ ፊት ለፊት ደግሞ እንደ ቢዩትና አራን ያሉ ደሴቶች አሉ። ባቡር የሚደርሰው እስከ ውሃው ዳር ብቻ ነው። የሚያሻግር መርከብ ከሌለ መንገደኛው ዳር ላይ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሦስት የባቡር ኩባንያዎች መርከብ ያንቀሳቅሱ ነበር። ካሌዶኒያን ከጉሮክ፣ ግላስጎው ኤንድ ሳውዝ ዌስተርን ከግሪኖክ፣ ኖርዝ ብሪቲሽ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ከክሬገንዶራን። መንገደኛው ግላስጎው ላይ ቲኬቱን ይቆርጣል፣ ባቡሩ ውሃው ዳር ያደርሰዋል፣ ወርዶ ጥቂት ሲራመድ መርከቡ ላይ ነው። ፉክክሩ በደቂቃ ነበር። የፋብሪካና የመርከብ ግንባታ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው ጭስ ወጣ የሚልበት መንገድም ይኸው ነበር።

ለዚህ ሥራ ባለ መቅዘፊያ መርከብ የተመረጠችው በምክንያት ነው። ጥልቅ ውሃ አትፈልግም። ቶሎ ትነሳለች፣ ቶሎ ትቆማለች፣ ወደ ኋላም ደህና አድርጋ ትሄዳለች። በአንድ ቀን ብዙ መቆሚያ የሚነካ መርከብ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ደግሞም መንኮራኩሮቹን የሚሸፍነው አካል ወደ ጎን ስለሚወጣ የላይኛው ወለል ይሰፋል፣ ብዙ ሰው ይይዛል።

ከአሁኗ በፊት የነበረችው ዌቨርሊ በ1899 ለኖርዝ ብሪቲሽ የተሠራች ናት። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ፈንጂ ጠራጊ ሆና ዘመተች። ሜይ 29 ቀን 1940 ወታደሮችን ከፈረንሳይ የደንከርክ ወደብ እያወጣች ሳለ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተመትታ ሰጠመች፤ ከጫነቻቸው ውስጥ ብዙዎቹ አብረዋት ቀሩ።

ጦርነቱ ሲያልቅ የኖርዝ ብሪቲሽ ወራሽ የሆነው ለንደን ኤንድ ኖርዝ ኢስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ምትኳን አዘዘ። የሠራት ኤ ኤንድ ጄ ኢንግሊስ የተባለ ድርጅት ነው፤ ቦታው ኬልቪን የምትባለው ትንሽ ወንዝ ከክላይድ ጋር የምትገናኝበት ላይ ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን 1946 ውሃ ላይ ወረደች። ከዚያ ተጎትታ ግሪኖክ ሄደችና ራንኪን ኤንድ ብላክሞር ሞተሯን ሠርቶ ገጠመላት። ከጦርነቱ በኋላ ብረቱም ሌላውም ዕቃ እጥረት ስለነበረበት ሥራው ተጓተተ፣ እና የመጀመሪያ የተሳፋሪ ጉዞዋ ጁን 16 ቀን 1947 ሆነ። ርዝመቷ 73 ሜትር ነው። ያኔ እስከ 1,350 ሰው መጫን ትችል ነበር።

ያሠራት ኩባንያ ግን ብዙም አልቆየባትም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1948 የብሪታንያ ዋና ዋና የባቡር ኩባንያዎች ወደ መንግሥት እጅ ሲገቡ እሷም አብራ ገባች። አንድ የሽርሽር ወቅት ብቻ ነው ያሠራት።

የተሠራችለት መስመር ከክሬገንዶራን ተነስቶ ሎክጎይልኸድና አሮካር ይደርሳል። አሮካር ሎክ ሎንግ የሚባለው የባሕር ክንድ ጫፍ ላይ ያለች መንደር ናት። እዚያ የወረደ ሰው አጭሩን የየብስ መንገድ አቋርጦ ታርቤት ይደርሳል፣ ከታርቤት በሎክ ሎሞንድ ሐይቅ ላይ በሌላ መርከብ ወደ ባሎክ ይሄዳል፣ ከባሎክ ደግሞ በባቡር ወደ ቤቱ። የሦስቱ ሎኮች ጉብኝት ይባል ነበር (ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ የሚባለው የባሕር ክንድም ሐይቅም ነው)። ተራራ፣ ባሕር፣ ሐይቅ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። የባቡር ኩባንያው የሚሸጠው እንዲህ ያለውን ቀን ነበር፤ መርከቧ የዚያ ቀን አንድ ክፍል ናት። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በኋላ የመጣው ችግር የጀመረው ሌሎቹ ክፍሎች ሲወድቁ ነው።

ችግሩ

ሃምሳዎቹ ሲገቡ መኪና በዛ። በ1954 ክላይድ ላይ መኪና የሚጭኑ አዳዲስ ፌሪዎች ሥራ ጀመሩና ደሴት የሚሄድ ቤተሰብ መኪናውን ይዞ መሻገር ቻለ። ቀጥሎ ርካሽ የአውሮፕላን ሽርሽር መጣና የግላስጎው ሰው ለእረፍቱ ስፔንን ማየት ጀመረ። የክላይድ ሰማይ ዝናብ አያጣውም፤ ከስፔን ፀሐይ ጋር መፎካከር ከባድ ነበር።

ዌቨርሊን ለማቆየት ያኔም ተሞክሯል። በሃምሳዎቹ ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ተቀየረች፤ አካፋ ይዞ ምድጃ ሥር የሚቆመው ሰው ቁጥር ቀነሰ። ግን ወጪን መቀነስ ተሳፋሪ አያመጣም።

እኩዮቿ አንድ በአንድ አለቁ። ጂኒ ዲንስ የምትባል የ1931 መርከብ ነበረች፣ የዚያው የባቡር ኩባንያ ንብረት፣ በጣም የምትወደድ። በ1965 ተሸጠችና ስሟ ተቀይሮ ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ የሽርሽር ሥራ እንድትሠራ ተሞከረ። ብልሽቱ አላስቆም አለ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ በ1967 መጨረሻ ቤልጂግ ሄዳ ተቆራረጠች። ካሌዶኒያ የተባለችው የ1934 መርከብ ደግሞ በ1969 ከሥራ ወጥታ ቴምዝ ላይ ታስራ መጠጥ ቤት ሆነች፤ በ1980 በእሳት ወደመች። ካሌዶኒያ ከወጣች በኋላ ክላይድ ላይ የቀረችው ባለ መቅዘፊያ መርከብ ዌቨርሊ ብቻ ነበረች።

መርከብ ብቻውን አይሞትም፣ መቆሚያዎቹም አብረው ይሞታሉ። ከእንጨት የተሠሩት መቆሚያዎች ባሕሩ ይበላቸዋል፤ የሚጠግን ከሌለ በጥቂት ዓመት ውስጥ መርከብ መጠጋት ያቅታቸዋል። ክሬገንዶራንም አሮካርም በ1972 ተዘጉ። ዌቨርሊ የተሠራችለትን መስመር ሁለቱንም ጫፎች በአንድ ዓመት አጣች።

በ1973 ካሌዶኒያን ማክብሬን የተባለው አዲስ የመንግሥት ኩባንያ ተረከባት። ያን ወቅት አሠርቶ ሲያበቃ አቆማት። ኩባንያውን ለመውቀስ ይከብደኛል። ሥራው የደሴት ሰዎችን ከነመኪናቸው ማመላለስ ነው። በእጁ የነበረው ዕቃ ደግሞ የ26 ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ቦይለሯ (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን) ያረጀ፣ መስመር የሌላት፣ ብዙ ሠራተኛ የምትፈልግ፣ የብርዱን ወራት በሙሉ ሥራ ፈትታ የምትቆም መርከብ ነበረች።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የባለ መቅዘፊያ መርከቦች ጥበቃ ማኅበር በ1959 የተቋቋመ ነው። በ1974 ዌቨርሊን በ1 ፓውንድ ተረከበ። ያኔ የብዙ ሰው ግምት አንድ ቦታ ታስራ ሙዚየም ትሆናለች የሚል ነበር። ማኅበሩ ግን ወደ ሥራ እንመልሳታለን አለ።

መጀመሪያ የተደረገው ነገር የወረቀት ሥራ ነው። ብዙ ሰው ስለሚያልፈው እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ማኅበሩ መርከቧን በቀጥታ ላሠራ አላለም። ዌቨርሊ ስቲም ናቪጌሽን የሚባል ራሱን የቻለ ኩባንያ ተቋቋመ። ማኅበሩ አባላት ያፈራል፣ ገንዘብ ያሰባስባል፤ ኩባንያው ካፒቴንና የሞተር ኃላፊ ይቀጥራል፣ ቲኬት ይሸጣል፣ ለተቆጣጣሪው መልስ ይሰጣል። መርከብ በፍቅር ብቻ ወደብ አትለቅም። ብቃቱ በወረቀት የተረጋገጠ ሰው መሪው ላይ መኖር አለበት። ይህን ገና በጠዋቱ በመለየታቸው ከብዙ ጭቅጭቅ የዳኑ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ደጅ መጥናት መጣ። ለሕዝብ ጥሪ ተደረገ፣ የአካባቢ ምክር ቤቶችም ድርጅቶችም ተጠየቁ። የብርዱን ወራት በጎ ፈቃደኞች ዝገት ሲፍቁና ቀለም ሲቀቡ ቆዩ። ሜይ 22 ቀን 1975 ዌቨርሊ እንደገና ተሳፋሪ ጭና ወጣች።

ክላይድ ላይ ብቻ ሆኖ ግን ሒሳቡ አልሞላም። የሽርሽሩ ወቅት አጭር ነው፣ ሰውም አንዴ ካያት በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም። በዚህ ላይ ጁላይ 15 ቀን 1977 ክላይድ ዳር ካለችው ከደኑን ከተማ አጠገብ ጋንቶክስ ከሚባሉት ዐለቶች ጋር ተጋጭታ ክፉኛ ተጎዳች። በወቅቱ እኩሌታ ላይ የሽርሽር መርከብ ስትቆም ገቢው በሙሉ ይቆማል፤ ወጪው ግን አይቆምም። ተጠገነች። ግን ሌላ መላ እንደሚያስፈልግ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

መላው የተገኘው ከክላይድ ውጭ ነው። በ1978 ዌቨርሊ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ዳርቻና ወደ ቴምዝ ወረደች። እኔ የጉዳዩ መታጠፊያ የምለው ከ1974ቱ ሽያጭ ይልቅ ይህን ነው። ባቡር ጣቢያ ቆሞ ተሳፋሪውን ይጠብቃል፤ መርከብ ግን ጣቢያዋን ይዛ መሄድ ትችላለች። ዋናው የሙቀት ወቅት ክላይድ ላይ ያልፋል፤ ሌላውን ጊዜ በብሪስቶል ቻነል፣ በደቡቡ ዳርቻና በቴምዝ ላይ ትሠራለች። ክሊቭደን፣ ፔናርት፣ ስዋኔጅ፣ ሳውዝኤንድ፣ እነዚህ ሁሉ የራሳቸውን አሮጌ መቆሚያ ለማዳን የታገሉ ከተሞች ናቸው፣ እና ትልቅ መርከብ መጥቶ እንዲጠጋባቸው ይፈልጋሉ። የለንደኑ ታወር ብሪጅ ድልድይ ተከፍቶላት ስታልፍ የሚያይ ሰው ሁሉ ደግሞ ነጻ ማስታወቂያ ነው። በየቦታው በዓመት ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለምትታይ ሰው አይሰለቻትም።

ከዚያ ተከታታይ እድሳት መጣ። በ1981 ከልደቷ ጀምሮ የነበረው ቦይለር ወጥቶ አዲስ ገባ። ከ2000 እስከ 2003 በሁለት ዙር፣ ከብሔራዊ ሎተሪው የቅርስ ፈንድ በተገኘ ትልቅ ድጋፍ፣ ግሬት ያርመዝ ላይ ከሥር ከመሠረቷ ታደሰች። ወጪው 7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ሁለት አዳዲስ ቦይለሮች ተገጠሙ፣ የደኅንነት ነገር ከዘመኑ ሕግ ጋር ተስተካከለ፣ መልኳም ወደ 1947ቱ ተመለሰ። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር የተቀቡት ሁለቱ ጭስ ማውጫዎቿ ያ አንድ ወቅት ብቻ ያሠራት የባቡር ኩባንያ ቀለም ናቸው።

ሞተሩ አጠገብ

የዚህች መርከብ ትልቁ ሀብት የሚታይ ሞተር ነው። በሌላ መርከብ ላይ ተሳፋሪ ሞተሩን አያይም። እዚህ ግን ከዋናው ወለል በግራና በቀኝ መተላለፊያ አለ፤ ክንድህን አጥሩ ላይ አስደግፈህ ቁልቁል ታያለህ። ሦስት ሲሊንደሮች ጋደል ብለው ተኝተዋል። እንፋሎቱ በትንሹ ይጀምራል፣ እሱ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሥራውን ጨርሶ ኃይሉ ሲቀንስ ወደ 99 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከዚያም ወደ 157ቱ ይሄዳል። ያው እንፋሎት ሦስት ጊዜ ይገፋል ማለት ነው። እየደከመ ሲሄድ የሚገፋው ስፋት ይጨምርለታል። ከሰው ቁመት የማያንሱ የሚያብረቀርቁ የብረት ክንዶች ወጣ ገባ እያሉ አንድ ወፍራም ዘንግ ያዞራሉ። ኃይሉ 2,100 የፈረስ ጉልበት ነው። የጋለ ዘይት ይሸታል፤ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፤ ሕፃናት አጥሩን ይዘው አንለቅም ይላሉ። በመስኮቱ በኩል ደግሞ መንኮራኩሩ ውሃውን ሲመታ ይታያል።

ያ አንድ ዘንግ ብዙ ነገር ይወስናል። ሁለቱም መንኮራኩሮች የታሰሩት እሱ ላይ ስለሆነ አንዱን ወደፊት ሌላውን ወደ ኋላ ማዞር አይቻልም። መርከቧ የምትታጠፈው በመሪዋ ብቻ ነው፣ ሰፊ ቦታም ትፈልጋለች። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ለማየት ወደ አንድ ጎን ከተሰበሰበ ትዘነብላለች፤ አንዱ መንኮራኩር ጠልቆ ሌላው ከፍ ይላል፣ አካሄዷም ይበላሻል። ስለዚህ ተሳፋሪው ራሱ የአነዳዱ አካል ነው። ግላስጎው የምትኖሩ ካላችሁ፣ በክላይድ ወቅቷ የምትነሳው ሳይንስ ሴንተሩ አጠገብ ካለው ቦታ ነው፤ ልጆቻችሁን መጀመሪያ ወደ ሞተሩ ውሰዷቸው።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር አልሰመረም። በጣም የከበደው የ2019 ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ቦይለር ከ1947 እስከ 1981 አገልግሏል። በ2000 የገቡት ግን 19 ዓመት ሲሞላቸው ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በ2019 ዌቨርሊ አንድም ቀን ሳትሠራ ወቅቱ አለፈ። ለመቀየሪያ የተዘጋጀ በቂ ገንዘብ ስላልነበረ 2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ከሕዝብ ተጠየቀ። ሰው በትንሹም በትልቁም ሰጠ፣ የስኮትላንድ መንግሥት 1 ሚሊዮን ጨመረ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ሞላ። አዲሶቹን ለማስገባት ጭስ ማውጫዎቹን ነቅሎ ወለሉን መክፈት ግድ ነበር። ኦገስት 2020 ወደ ሥራ ተመለሰች። ጥሪው መሳካቱ የሰዉን ፍቅር ያሳያል። የገቢው አሠራር ግን ጎዶሎ ነበር፤ ቦይለር አንድ ቀን እንደሚያልቅ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ይታወቃል።

በተመለሰች በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2020፣ አራን ደሴት ላይ ብሮዲክ መቆሚያ ጋር ተጋጨች፤ በርካታ ሰዎች ተጎዱ። በ2009ም ደኑን ላይ ተመሳሳይ ግጭት ደርሶባት ነበር። እንዲህ ያለችን መርከብ ወደ መቆሚያ ማስጠጋት ልዩ ችሎታ ነው። ባሕር የምትወጣ ባለ መቅዘፊያ መርከብ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ከቀረች ደግሞ ሥራውን የሚማሩባት ሌላ መርከብ የለም። ይህ በገንዘብ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ሁለተኛ መርከብ መያዙም ዘላቂ አልሆነም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባልሞራል የምትባል የ1949 የሞተር መርከብ ተገዝታ ከዌቨርሊ ጎን ትሠራ ጀመር። ለብዙ ዓመት ጠቅማለች፣ መቆሚያዎቹን ሕይወት ሰጥታቸዋለች። ግን ሁለት አሮጌ መርከቦች ሁለት የጥገና ሒሳብ ናቸው። ከ2012 ወቅት በኋላ ባልሞራል ቆመች።

አየሩና የነዳጁ ዋጋ ደግሞ የየዓመቱ ፈተና ናቸው። ንፋስ ሲነሳ ጉዞ ይሰረዛል፣ ቲኬት ይመለሳል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ለሌላው የሚተርፈው

ጂኒ ዲንስም ዌቨርሊም ቴምዝ ላይ ሽርሽር ሞክረዋል። አንዷ ተቆራረጠች፣ አንዷ እስከ ዛሬ ትሄዳለች። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከጀርባ ያለው ነገር ነው። ዌቨርሊ ብልሽት ሲመጣ የሚደግፋት የአባላት ማኅበር ነበራት፣ ቴምዝም የዓመቱ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉ እንጀራዋ አልነበረም። እንግዲህ አሮጌ ማሽን ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው አንድ መጥፎ ዓመት ከነሙሉ ኪሳራው ቢመጣ ማን ይሸከመዋል የሚለውን አስቀድሞ መመለስ አለበት።

ሌላም ማነጻጸሪያ አለ። ሜይድ ኦቭ ዘ ሎክ በዚያው በኢንግሊስ የተሠራች የ1953 መርከብ ናት፣ በሎክ ሎሞንድ ላይ የሦስቱ ሎኮችን መንገድ ትቀበል የነበረች። በ1981 ከሥራ ወጣች፤ ባሎክ ላይ ቆማ ለዓመታት ተጎሳቆለች። በኋላ የተቆረቆሩላት ሰዎች ብዙ ደክመዋል፣ እስከ ዛሬም እየደከሙ ነው። ዌቨርሊ በቆመች በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሳ ወጣች። ቆይታው በረዘመ ቁጥር ብረቱ ይበላል፤ ከብረቱ በላይ ግን ሞተሩን የሚያውቀው ሰው ጡረታ ይወጣል። አንድ ማሽን ሊቆም ነው ሲባል የመጀመሪያው ሥራ የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች መያዝ ነው፤ ቀለሙ ይደርሳል።

ማኅበሩንና ኩባንያውን መለየት እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ወዳጅ የሆነ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። ዛሬ አየሩ ጥሩ አይደለም፣ አንወጣም የሚል ሰው ደመወዙና ፈቃዱ በዚያ ውሳኔ ላይ የቆመ ባለሙያ ቢሆን ይሻላል።

ቦታ መቀየር ለባቡርና ለወፍጮ አይሆንም ይባል ይሆናል። ዕቃው ባይንቀሳቀስም ደንበኛው ሊለወጥ ይችላል። ዌቨርሊ የተሠራችው ወደ አሮካር ለሚሄድ መንገደኛ ነው፤ ዛሬ የሚሳፈሩባት አብዛኞቹ የትም መድረስ የማይፈልጉ፣ መርከቧን ራሷን ፈልገው የመጡ ሰዎች ናቸው። የድሮውን አገልግሎት እንደነበረው ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ያ ደንበኛ ስለሌለ ነው።

በመጨረሻ ቦይለሩ። 1981፣ 2000፣ 2020። ሁለት ጊዜም ክፍተቱ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ ቀጣዩም ይመጣል። በስጦታ የተገኘ ማሽን ዋጋው ይህ ተመላላሽ ዕዳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የምትረከቡ ከሆነ ከየቲኬቱ ላይ ስንት ለትልቁ ጥገና እንደሚቀመጥ፣ ገንዘቡ በየትኛው የተለየ ሒሳብ እንደሚገባና ማን ሊነካው እንደማይችል መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ጻፉ፤ ርክክቡን ከዚያ በኋላ ፈርሙ።